ከስትሮክ በኋላ መራመድ፦ ከአልጋ ዳር እስከ ሰፈር መንገድ

ስትሮክ ያገኘው ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርግለት አልጋ ማንጠፍ ነው። ጠያቂ ሲመጣ «ተኛ፣ አትነሳ» ይባላል። ውኃው፣ ምግቡ፣ ስልኩ እጁ ሥር ይቀርብለታል። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የሚውል ሰው የደከመው እግሩ ይብሱን ይደክማል፣ የጤነኛው ጎኑ ጡንቻም ይመነምናል፣ ባቱ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ ሳምባው ሊታመም ይችላል። ይህን የምጽፈው ከስትሮክ ለተረፉት ለእርስዎ ነው፤ የሚያስታምምዎ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም እህት አብሮ ቢያነበው ደግሞ ደስ ይለኛል። መራመድን ልክ እንደ ክኒንዎ ይያዙት፤ በመጠኑ፣ በሰዓቱ፣ በየዕለቱ።

ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ስር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። በዚያ የተጎዳው የአንጎል ክፍል ያዝዘው የነበረውን እግር ሌሎች ክፍሎች ቀስ በቀስ ማዘዝ ሊማሩ ይችላሉ። የሚማሩት ግን በድግግሞሽ ብቻ ነው። ከፍተኛው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ውስጥ ስለሆነ እነዚህን ወራት ተኝተው እንዳያሳልፏቸው። ዓመት ያለፈዎትም ቢሆኑ ተስፋ አይቁረጡ፤ ዘግይተው ጀምረው አረማመዳቸው የተሻሻለ ብዙዎች ናቸው። መራመድ ሌላም ጥቅም አለው። ለስትሮክ ትልቁ መንስኤ የደም ግፊት ነው፤ በእግር መሄድ ደግሞ ግፊትንም ስኳርንም ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። ስለዚህ የሚራመዱት እግርዎን ለመመለስ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይመጣ ለመከላከልም ነው።

መጀመር የሚቻለው መቼ ነው?

አንዳንድ ቤተሰብ በተቃራኒው ይቸኩላል፤ ታማሚው ሆስፒታል በገባ ማግስት «አስነሱት፣ አለማምዱት» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው አቨርት የተሰኘ ጥናት ከ2,000 በላይ ታማሚዎችን ተከታትሎ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከተለመደው በላይ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ከ3 ወር በኋላ የነበራቸው ውጤት ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታማሚው መቼና ምን ያህል እንደሚነሳ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ደም የፈሰሰበት ሰው ደግሞ ከተዘጋበት የበለጠ ሊጠብቅ ይችላል።

ከሆስፒታል ሲወጡ አራት ነገር ሳይጠይቁ አይውጡ። ያለ ሰው ድጋፍ መቆም ይፈቀድልኛል? ከመራመዴ በፊት የደም ግፊቴ ስንት ሲሆን ልተው? ልቤ ላይ የሚያሰጋ ነገር አለ? ፊዚዮቴራፒስት የት አገኛለሁ? መልሱን ወረቀት ላይ ያስጽፉት፤ ሐኪሙ ፊት የሰሙት በር ላይ ይረሳል። ፊዚዮቴራፒ በየሳምንቱ መመላለስ ለብዙ ሰው በገንዘብም በትራንስፖርትም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ መሄድ ከቻሉም ይሂዱ፤ አስታማሚዎን ይዘው ይሂዱና ባለሙያው አያያዙን ለእሱም እንዲያሳየው ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ካለዎት አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጠው በጤነኛው ክንድ ይለኩ። ሐኪምዎ ሌላ ቁጥር ካልሰጠዎት ከ180/110 በላይ ባሳየ ቀን አይራመዱ፤ ዐርፈው ድጋሚ ይለኩ፤ ካልወረደ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከፍ ካለው ግፊት ጋር ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የደረት ሕመም ካለ ድጋሚ መለካት ሳይጠብቁ ይሂዱ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም መድኃኒትዎን አያቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም፤ የግፊት ክኒን ማቆም ግን ለሁለተኛ ስትሮክ በር ይከፍታል።

ከመራመድ በፊት ቤቱን ያስተካክሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው መንገድ ላይ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ነው። ከአልጋዎ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለውን መንገድ አስታማሚዎ በዓይኑ ሳይሆን በእግሩ ጫፍ ይፈትሸው። ጫፉ የሚነሳ ምንጣፍ ይወገድ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ወደ ግድግዳ ይሂድ። ሴራሚክ ወለል ሲወለወል እስኪደርቅ አይርገጡት። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ያምራል፤ እግሩን ለሚጎትት ሰው ግን አደጋ ነው፤ እርስዎ በሚያልፉበት በኩል አይጎዝጎዝ። የበሩ ደፍ ከፍ ያለ ከሆነ ጠርዙ ላይ ደማቅ ቀለም ይቀቡበት። በርጩማ ላይ አይቀመጡ፤ ከዚያ ዝቅታ መነሳት የጤነኛ ሰው ጉልበት ይጠይቃል። መደገፊያ ያለው፣ ሲቀመጡበት ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ የማይልበት ጠንካራ ወንበር ይኑርዎት።

የሌሊቱ ነገር ለብቻው ይታሰብበት። መብራት በጠፋበት ሌሊት ሽንት ይዞዎት ግቢ ውስጥ ወዳለ መጸዳጃ ቤት መውጣት በቀን ያገኙትን ሁሉ በአንድ ውድቀት ሊያሳጣዎ ይችላል። አልጋ አጠገብ የእጅ ባትሪና ፖፖ ይኑር። በዚህ የሚያፍሩ አባቶችን አውቃለሁ፤ የዳሌ አጥንት መሰበር ግን ከዚያ ሁሉ ይከፋል።

ጫማ፣ ልብስና ከዘራ

ነጠላ ጫማ በፍጹም አያድርጉ፤ የደከመው እግር ይዞ አያቆየውም። ተረከዙ የተዘጋ፣ ሶሉ የማያዳልጥ፣ በአንድ እጅ የሚታሰር ጫማ ይፈልጉ፤ ተለጣፊ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። ጋቢና ነጠላ ሲደርቡ ጫፉ ከጉልበት በታች እንዳይወርድ ያድርጉ፤ ረጅም ቀሚስም ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን። የእግርዎ ጫፍ ተንጠልጥሎ መሬት የሚጎትት ከሆነ ፊዚዮቴራፒስቱን ስለ ቁርጭምጭሚት ደጋፊ ይጠይቁት፤ ጫማ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ደጋፊ ነው፤ ለብዙ ሰው አረማመዱን በዚያው ቀን ይለውጠዋል። የእግርዎ ስሜት ከቀነሰ ወይም ስኳር ካለብዎ ማታ ማታ ቆዳው እንዳልተላጠ ያዩት።

ከዘራ በየቤቱ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ቁመቱ ለባለቤቱ አይሆንም። ጫማዎን አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙና እጅዎን ወደ ታች ይልቀቁ፤ የከዘራው እጀታ ከእጅዎ አንጓ መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት። ሲይዙት ክርንዎ ጥቂት ይታጠፋል። ከረዘመ ትከሻዎን ያነሳዋል፣ ካጠረ ያጎብጥዎታል። ጫፉ ብረት ከሆነ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ ጎማ ያስገቡለትና ጎማው ሲያልቅ ይቀይሩት። መቋሚያ ለማኅሌት የሚሆን እንጂ ለዚህ አይደለም፤ ቁመቱ ክብደትዎን በልክ እንዲያሳርፉበት አይፈቅድም።

ከዘራው የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው። በደከመው በኩል መያዝ ያለበት የሚመስለው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ደግሜ የምለው፦ በጤነኛው እጅ።

እንዴት ይነሳሉ፣ እንዴት ይራመዳሉ

ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይጠጉ። ሁለቱን እግሮችዎን ከጉልበትዎ ጥቂት ወደ ኋላ ስበው መሬት ላይ በደንብ ያሳርፉ። አፍንጫዎ ከእግር ጣቶችዎ በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ ከዚያ ይነሱ። ብዙዎች ቀጥ ብለው ወደ ላይ ለመነሳት ስለሚሞክሩ ነው ወደ ኋላ የሚወድቁት። ከተነሱ በኋላ ወዲያው አይሂዱ፤ ማዞሩ እንዳለ እንደሌለ እስኪለዩ ድረስ ይቁሙ። ይህ መነሳትና መቀመጥ ራሱ እግርን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አምስት አምስት ጊዜ ይለማመዱት።

ቀጥሎ ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ይዘው ክብደትዎን ወደ ደከመው እግር ቀስ ብለው ያሻግሩ፣ ይመልሱ። የደከመውን እግር አለማመን የተለመደ ነው፤ ሰውነት ሁሉንም ሸክም ለጤነኛው ሰጥቶ ያነክሳል። የደከመው እግር የሚጠነክረው ሸክሙን ሲቀበል ነው።

ሲራመዱ ቅደም ተከተሉ ከዘራ፣ የደከመው እግር፣ ጤነኛው እግር ነው። ተረከዝዎ ቀድሞ መሬት ይንካ። ዓይንዎን ከእግርዎ ላይ አንስተው ሁለት ሦስት እርምጃ ፊት ለፊት ይመልከቱ። ሲዞሩ አካልዎን አይጠምዝዙ፤ በትንንሽ እርምጃ ሰፋ አድርገው ይዙሩ። እርምጃዎ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ አስታማሚዎ በእኩል ምት ያጨብጭብልዎ፤ ወይም ምቱ ዘገም ያለ የሚወዱትን መዝሙር ወይም ዘፈን ይክፈቱ። እግር ምትን ሲከተል እርምጃ እኩል እየሆነ እንደሚሄድ ጥናቶችም ይደግፉታል።

ደረጃ ላይ ወደ ላይ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ከዘራውና የደከመው እግር ይቀድማሉ። ረዳትዎ በሁለቱም ጊዜ ከእርስዎ በታች ባለው በኩል ይሁን።

አሁን ለአስታማሚው። የሚቆሙት በደከመው ጎን፣ ጥቂት ወደ ኋላ ብለው ነው። የሚይዙት ደግሞ ወገቡን ነው፤ ጠንካራ መቀነት ወይም ቀበቶ ወገቡ ላይ ያስሩለትና እሱን ይያዙ። የደከመውን ክንድ በፍጹም አይሳቡ፣ በብብቱ ሥር ገብተውም አያንሱት። ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይወልቃል፤ ከዚያ የሚመጣው ሕመም ወራት ይወስዳል፣ ታማሚውንም ከመራመድ ያግደዋል። መርዳት ማለት መሸከም አለመሆኑንም ያስታውሱ። ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን እርምጃ ይጠብቁት፤ ቢዘገይም።

በቀን ስንት?

መጀመሪያ 10 ሜትር ይለኩ፤ ኮሪደር ወይም ግቢ ይበቃል። በተለመደ አረማመድዎ ስንት ሰከንድ ይፈጅብዎታል? ከ25 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ለጊዜው ቦታዎ ቤትና ግቢ ነው። ከ12 እስከ 25 ሰከንድ ከሆነ ሰው አስከትለው ወደ ሰፈር መውጣት ይችላሉ። ከዚያ ካነሰ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ መድረስ የሚያስችል ፍጥነት አለዎት። ልኬቱን በየወሩ ይድገሙት፤ «ምንም ለውጥ የለኝም» የሚል ሰው ከ40 ሰከንድ ወደ 31 መውረዱን ወረቀት ላይ ሲያይ ነው የሚያምነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በቂ ነው። ከዚያ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። ያለ ዕረፍት 10 ደቂቃ መራመድ ሲችሉ ትልቅ ደረጃ ደርሰዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ መንቀሳቀስ ለሚችል ከስትሮክ ለተረፈ ሰው ዝቅተኛው መጠን በሳምንት አራት ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ማኅበሩ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 ያስቀመጠው ግብ ደግሞ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በየጊዜው ከ20 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ወራት ቢፈጅ ምንም አይደለም። ረጅም ሰዓት የሚቀመጡ ከሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ለ3 ደቂቃ መቆም ወይም ክፍል ውስጥ መዞርም ይመከራል፤ ቡና እስኪፈላ ከመጠበቅ ጋር የሚሄድ ልማድ ነው።

ፍጥነትዎን በንግግር ይለኩ። እየተራመዱ ዐረፍተ ነገር ጨርሰው መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ ያ ነው። መናገር ካቃተዎት ይቀንሱ። የልብ ምት መቁጠር ለብዙዎች አይሠራም፤ እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች ምቱን ስለሚያዘገዩት ሰውነት ደክሞ ሳለ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ጾም የሚጾሙ ከሆነ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼኹ ጋር እንዲሁም ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለበሽተኛ ቦታ አላቸው። ስኳር ኖሮብዎ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ በባዶ ሆድ አይራመዱ፤ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። ካላበዎና ከተንቀጠቀጡ ተቀምጠው ወዲያው ይብሉት።

ወደ ውጭ ሲወጡ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ ይምረጡ፤ እንጦጦ ይቆይ። ኮብልስቶን ቁርጭምጭሚቱ ለላላ ሰው ያስቸግራል፤ አስፋልት ወይም የተስተካከለ የእግረኛ መንገድ ያግኙ። ጠዋት መኪና ሳይበዛ መውጣት ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ከሆነ የዚያ ቀን መራመድ በረንዳ ላይ ወይም ኮሪደር ውስጥ ይሁን እንጂ አይቅር። ሙቀት በሚበረታባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ የገበያ ማዕከል ውስጥ ይዙሩ፤ በረዶ የሚጥልባቸው ከተሞች ያሉም እንዲሁ።

ሰፈር ውስጥ አንድ ለየት ያለ ችግር አለ፤ ሰላምታችን። እየሄዱ ሰው ሲጠራዎት ዞር ማለት፣ እጅ ማንሳት፣ ትከሻ መግጠም ሁሉም ሚዛን ይፈታተናል። ከስትሮክ በኋላ አንጎል መራመድንና ማውራትን አብሮ ለመሥራት ይቸገራል። ስለዚህ መጀመሪያ ይቁሙ፣ ከዘራዎን ይትከሉ፣ ከዚያ ሰላም ይበሉ። ስልክ ሲጠራም እንዲሁ። የአንድ ጎን ዕይታዎ የተቀነሰ ከሆነ አስታማሚዎ በዚያ በኩል ይሁን፤ መንገድ ከማቋረጥዎ በፊት ጭንቅላትዎን ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ያዙሩ።

መቆም ያለብዎት ጊዜ

የደረት ሕመም፣ ከባድ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ይቀመጡ፤ ካልተወዎት ወደ ሐኪም ይሂዱ። የአንዱ እግር ባት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ወደ ወጌሻ አይሂዱ፣ አያሳሹትም። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ሲታሽ ተነስቶ ሳምባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይታዩ።

ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ወይም እግር በድንገት ከደከመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ሌላ ስትሮክ ነው ብለው ይነሱ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ፤ የተዘጋ ስር የሚከፍተው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ ዐረቢያ 997፣ ኤምሬትስ 998 ነው።

ቢወድቁ አስታማሚው ወዲያው አያንሳዎት። መጀመሪያ ሕመም የት እንዳለ ይጠይቅ። ጭንቅላትዎን ከተመቱና ዋርፋሪን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደህና ቢመስልዎትም ሆስፒታል ይሂዱ። የተሰበረ ነገር ከሌለ ወደ ጤነኛው ጎን ይገልበጡ፣ በክርንዎ ተደግፈው ይንበርከኩ፣ ጤነኛ እጅዎን ወንበር ላይ ያድርጉ፣ ጤነኛውን እግር ወደ ፊት ተክለው ይነሱ። ይህን ሳይወድቁ በፊት ፍራሽ ላይ ይለማመዱት።

ሳይፈልጉ ሲቀሩ

«ሰነፍ ሆነ» የሚባል ታማሚ ብዙ ጊዜ ሰነፍ አይደለም። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድካም ከእንቅልፍ በኋላ እንኳ የማይለቅ የራሱ ዓይነት ድካም ነው። ጉልበት በሚኖርዎት ሰዓት፣ ለብዙዎች ጠዋት፣ ይራመዱ፤ ገላ መታጠብና ረጅም መንገድ በአንድ ቀን አይደርቡ። ከስትሮክ ከተረፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ደግሞ ድባቴ ይይዘዋል። ምግብ ካስጠላዎት፣ እንቅልፍ ከራቀዎት፣ ሰው ማየት ካልፈለጉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሕክምና አለው። ቤተሰብም በቁጣ አይገፋፋ። «ዛሬ ጎረቤት ቡና ተጠርተናል፣ አብረን እንሂድ» ማለት «ተነስ ተራመድ» ከማለት የተሻለ ሰውን ከቤት ያወጣል። ጠያቂዎችም በር ላይ ያግኙዎት፤ ግቢውን አብረው ይዙሩ።

ጉንፋን፣ ተቅማጥ ወይም ለቅሶ ደርሶ ለሳምንት ካቋረጡ ሲመለሱ ካቆሙበት አይጀምሩ። ቀድሞ ይራመዱት የነበረውን ግማሽ ይራመዱ፤ ሳያስቸግርዎ ሦስት ቀን ከሆነ ይጨምሩ። ስድስት ወር ሲሞላዎት ደግሞ ከዘራው፣ ደጋፊውና መድኃኒቱ አሁንም ልክዎ መሆኑን ሐኪምዎ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ እንደገና ይይልዎ።